ቅዳሜን አቅደህ ውጣ

ባለፈው ቅዳሜ የት ነበርህ?

ቶሎ አትመልስልኝ። አስበው። ጠዋት አርፍደህ ተነሣህ። ፊትህን ሳትታጠብ ስልክህን አነሣህ። ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ። ቡና ተፈላ፤ ከአቦል እስከ በረካ ጠጣህ። ከሰዓት ሰፈር ወጣህ፤ ከጓደኞችህ ጋር ስለ ኳስ ተከራከርህ። መሸ። ሰኞ ሥራ ስትገባ «ዊኬንድ እንዴት ነበር?» ተባልህ። «ምን አለ፣ እንዲሁ አለፈ» አልህ።

አለፈ። ቃሉን ልብ በለው። አንተ አላሳለፍኸውም፤ ራሱ ነው ያለፈው።

በዓመት 52 ቅዳሜ አለ። በአሥር ዓመት 520። ከነዚህ ውስጥ ስንቱን ታስታውሳለህ?

ዛሬ ከአንዱ እንጀምራለን። ከአንድ ቅዳሜ ብቻ። አንቺም እኅቴ፣ ባለ ሱቋም መምህሯም፣ ይህ ላንቺም ነው።

አንድ ከተማ ላሳይህ። ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ የምትባል ከተማ አለች። ወይን ጠጅ ሲነሣ ስሟ ከፊት ይመጣል። የቦርዶ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ይሳፈራል። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ ትንሽ ይጨምር እንደሆነ ነው፤ ሳንቴሚልዮን የምትባል ትንሽ የድንጋይ ከተማ ይወርዳል። ርቀቷ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሟን ያገኘችው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋሻ ውስጥ ከመነነ ኤሚልዮን ከሚባል ባሕታዊ ነው። እዚያው አጠገብ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰውየው ቤተ ክርስቲያኑን ያያል። በወይን ማሳው መካከል ይራመዳል። ምሳውን ይበላል፤ የአገሩን ወይን ጠጅ ይቀምሳል። ማታ ቤቱ ነው። በቃ፣ ደርሶ መልስ።

ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ምን ትዝ አለህ? ላሊበላ፣ አይደል? ዩኔስኮ ላሊበላን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ሳንቴሚልዮንን ከነወይን ማሳዋ የመዘገበው በ1999 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ቀድመናቸዋል!

ታዲያ የቦርዶው ሰው በምን በለጠህ? ገንዘብ አለው፤ እሺ። ባቡር አለው፤ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዓርብ ማታ ሲተኛ ነገ የት እንደሚሄድ ያውቃል። አንተ ታውቃለህ?

ይህን ጽሑፍ የምታነበው ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ ተቀምጠህ ነው እንበል። ሞጣ ቀራንዮ! አንዳንዱ «እዚህ ምን አለ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ስሰማ ልቤ ያዝናል። ምን የሌለ ነገር አለ? በአንድ በኩል ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው ይወርዳል፤ በላዩ ላይ ከአፄ ፋሲል ዘመን የቆመ ድልድይ አለ። ወደ ደቡብ መንገዱን ብትይዝ ጉንደ ወይን፣ ደብረ ወርቅ፣ ቢቸና ተራ በተራ ይመጡልሃል። ከጉንደ ወይን ወደ ምሥራቅ ብትታጠፍ መርጡለ ማርያም አለችልህ። ከኋላህ ጮቄ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ለብዙ ወንዝ ውሃ እየሰጠ ተቀምጧል። ባሕር ዳርና ጣና 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ቁጭ ብለህ ነው «ምን አለ» የምትለው?

መጀመሪያ ይህን አስተሳሰብ ቀይር። ማይንድሴትህ ላይ ሥራ። አገር ጎብኚ የሚባለው ካሜራ አንጠልጥሎ ከሩቅ የሚመጣ ፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማነው? አንተም ጎብኚ ነህ። ያገርህ ጎብኚ።

የመጀመሪያው ጉዞ ደግሞ አንድ ብር አያስወጣህም። በእግርህ ሂድ። ሞጣ ጊዮርጊስን ስንት ጊዜ ተሳልመሃል? መቶ ጊዜ? ሺህ ጊዜ? ማን እንደተከለው ታውቃለህ? ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። በዚያ ዘመን ለደብሩ የተሰጠው መሬት ለማን እንደተደለደለ በብራና ተጽፎ ቀርቷል፤ የታሪክ ምሁራን ከዚያ መዝገብ ተነሥተው የምሥራቅ ጎጃምን የርስትና የገበሬ ታሪክ ጽፈዋል። አየህ? ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያጠናውን አንተ በየሳምንቱ በአጠገቡ ታልፋለህ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አትቸኩል። አንድ አረጋዊ መሪጌታ ፈልግ። «የኔታ፣ ይባርኩኝ» በልና ጉልበት ስመህ ጠይቅ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ። የሚሰጡህ መልስ ከሰዓትህን ሙሉ ይወስዳል።

ይህ ማሟሟቂያ ነው። አሁን ወደ ዋናው እንውረድ።

መውረድ ነው እንግዲህ፣ ቃል በቃል። ያ የዓባይ ድልድይ፣ ሰባራ ድልድይ፣ ከሞጣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጋው ተነሥተህ ወደ ቆላ ትወርዳለህ። ጋቢህን የለበስህበት ብርድ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ላብ ይሆናል። ዛፉ ይለወጣል፤ አፈሩ ይለወጣል፤ የነፋሱ ሽታ ይለወጣል። ከዚያ ዓባይን ትሰማዋለህ። ከማየትህ በፊት ትሰማዋለህ። ከዚያ ድልድዩ።

ቅስቶቹ በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው። አፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ሲነግሡ የተሠራ ነው፤ ጎንደር ላይ ግንቡን ባሠሩበት ዘመን ማለት ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኘ ድልድይ ነው። የዚህ ማዶ ገበሬ የዚያ ማዶ ገበያ የሚወጣበት፣ ሠርግ የሚሻገርበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት። ከዚያ ጣልያን መጣ። በወረራው ዘመን ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች መካከሉን ቆረጡት። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

እዚያ ስትቆም አንድ ነገር አድርግ። ጠርዙ ድረስ አትጠጋ፤ አደገኛ ነው። ትንሽ ራቅ ብለህ ድንጋይ ላይ ተቀመጥና የተቆረጠውን ቦታ ተመልከት። የቅስቱ ግማሽ ወደ ማዶ ሊዘረጋ ይጀምርና አየር ላይ ያበቃል። ከሥሩ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይገለባበጣል። ለአሥርት ዓመታት ሰው በዚህ ክፍተት ላይ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በዚህ በኩል ያሉት እየለቀቁ፣ በዚያ በኩል ያሉት እየሳቡ። ምን ዓይነት ጉልበት ነው? ምን ዓይነት መተማመን ነው? ገመዱን የያዘው ሰው እጁ ቢዝል ምን ሊሆን ነበር? አንተ ዛሬ «መሻገር አልቻልሁም» የምትለው ነገር ምንድን ነው?

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የሚባል አንድ አሜሪካዊ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እያገላበጠ የዚህን ድልድይና በገመድ የሚሳቡትን ሰዎች ፎቶ አየ። አንድ ፎቶ! ብዙ ሰው ያንን ፎቶ አይቶ ገጹን ገልብጧል። እሱ አልገለበጠም። «ይህን ድልድይ እንጠግነው» አለ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት መሠረተ፤ የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራ ይህ ያንተ ድልድይ ሆነ። በተሰበረው ቅስት ላይ ብረት ተዘረጋ፤ ሰው በእግሩ ተሻገረ። በ2005 እ.ኤ.አ. ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። ምን አደረጉ? «ዕድላችን ነው» ብለው ተቀመጡ? በፍጹም! ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ መረጡና በ2009 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የገጠር ድልድይ ሠርቷል። መነሻው ግን ካንተ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለ ሰው ፎቶ አይቶ መጣ። አንተ ሞጣ ተቀምጠህ ስንት ጊዜ ሄድህ?

እኔ ራሴ በመጀመሪያ ሙከራዬ አልደረስሁም። ልንገርህ፤ ትምህርት ይሆንሃል። ሦስት ሆነን ተነሣን። ማታ ማንም ምንም አላሰበም። «ጠዋት እንሄዳለን» ተባለ፣ አበቃ። ጠዋት አንዱን ስንጠብቅ 4 ሰዓት ሆነ። ሌላው ጫማው ገና አዲስ ነበር። ሦስታችንም የያዝነው ውሃ አንድ ላስቲክ ነበር። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች፤ ውሃው አለቀ፤ የጓደኛዬ ተረከዝ ቆሰለ። አንድ እናት ከጎጇቸው ወጥተው ቅል ሙሉ ጠላ ሰጡን፤ «ልጆቼ፣ ወደ ዓባይ እንዲህ ነው እንዴ የሚወረድ?» አሉን። ከዚያው ተመለስን። የዓባይን ድምፅ እንኳ ሳንሰማ።

በሁለተኛው ጊዜ ደረስን። ጉልበታችን አልጨመረም። መንገዱም አላጠረም። የጨመርነው አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ነበር? አራት ነገር። የት? በስንት ሰዓት? ከማን ጋር? በስንት ብር? ይኸው ነው። ፕላን የምትለው ትልቅ ነገር መስሎህ የምትፈራው ይህን ነው።

ግን አራቱን በደንብ ጻፍ። «ጠዋት» ብለህ አትጻፍ፤ «ከንጋቱ 12 ሰዓት» ብለህ ጻፍ። «ከልጆቹ ጋር» አትበል፤ ስማቸውን ጻፍ። መመለሻ ሰዓት ጻፍ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አያቅድም። ቁልቁለት በሁለት ሰዓት የወረድህበት፣ ሲመለሱ አቀበት ነው። እጥፍ ጊዜ ያዝለት። መኪና እስከሚሄድበት ድረስ በመኪና ሂድ፣ የቀረውን በእግርህ። ከሾፌሩ ጋር ስለ መመለሻው አስቀድመህ ተነጋገር፤ ስልኩን ያዝ። ክረምት አትውረድ፤ ጭቃና ሙላት ነው። መስከረም ካበቃ በኋላ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ እሱ ነው ጊዜው።

ስንቅስ? ሆቴል የለም። ግን የአገርህ ስንቅ ከየትኛው አገር ስንቅ ያንሳል? በሶ ያዝ። ቆሎ ያዝ። ድርቆሽ ያዝ፤ ድርቆሽ ውሃና ትንሽ በርበሬ ካገኘ ምሳ ነው። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር። ይህ ቁጥር አይቀነስም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በቁም ነገር ስማኝ። በዚህ ዘመን መንገዱ ሁልጊዜ መንገድ አይደለም። ሐሙስ ማታ ደውል። እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቅ፤ ከባለሥልጣን ይልቅ ትናንት መንገዱን የመጣ ሹፌር ይሻልሃል። «ሰላም ነው ወይ?» በል። ካልሆነ አትሂድ። በቃ። ለዚህ ነው ሁለተኛ ዕቅድ የሚያዘው። ዓባይ ካልሆነ ከከተማ ሳትወጣ ሞጣ ጊዮርጊስ አለ። ቅዳሜህ በምንም ምክንያት ባዶ አይሁን፤ ሕይወትህን ግን ለአንድ ጉብኝት አታስይዝ።

አሁን ወደ ወይኑ ልምጣ፤ ቦርዶን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወይን የፈረንጅ ነገር የሚመስልህ ከሆነ የመንገድህን ታፔላ አንብብ። ጉንደ ወይን! በግዕዝ ጉንድ ማለት ግንድ ነው፤ የወይን ግንድ። ከሞጣ ወደ ቢቸና ስትሄድ በመሃሏ የምታልፍባት ከተማ ናት። ስንት ጊዜ በሚኒባስ አልፈሃታል? ስሟን ስንት ጊዜ ሰማኸው? ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ መዘጋጀቱንስ ታውቃለህ? ወይን በቋንቋችንም በአምልኳችንም ውስጥ የኖረ ነው። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ዞሮ መጥቷል፤ ካስቴል የተባለው የቦርዶ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አወጣ። የቦርዶ ሰው ወይን ሊተክል እኛ ዘንድ መጣ!

የኛ አገር ወይን ግን ጠጅ ነው። ይህን በኩራት እናገራለሁ። የመስከረም አበባ ንብ ሲቀስመው ቆይቶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። ቦርዶ ላይ ወይን ለቀማ እንዲህ በየዓመቱ ወቅት አለው፤ ሰው ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። አንተ የማር ቆረጣ ወቅት ላይ የት ነህ? ቀፎ ያለው አጎት የለህም? ሂድ። በአንድ ቀን ደርሰህ ተመለስ። ጭሱን አይተህ፣ ንቡን ሰምተህ፣ ከሰፈፉ ላይ ትኩሱን ማር ቅመስ።

ከዚያ ጠጅ ሲጣል እይ። እይ ያልሁህ ለመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ሥራውን እይ። ማሩ በውሃ ይበጠበጣል፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። ብርዙ ይገባል፤ ጌሾው ይከተላል። አፉ ይታሰራል። ከዚያ? ከዚያ መጠበቅ። ጠጅ ጣይዋ ጋኑን በየቀኑ እየከፈተች አትነካካውም። ጆሮዋን ትጥላለች፤ ሲፈላ ድምፅ አለው። ቀን ይቆጠራል። ጌሾው ይወጣል። በጨርቅ ይጠለላል። በብርሌ ሲቀዳ ያን ቢጫ በብርሃን ፊት አንሥተህ ተመልከተው፤ ከታች ወደ አንገቱ ጥቃቅን ፊኛዎች ይወጣሉ። አንድ ዓመት ሙሉ አበባና ንብ ያለፉበት ነው። ልማድም እንዲሁ ነው የሚጣለው። ዛሬ ጀምረህ ነገ አትቅመሰው።

ጠጁ ደግሞ ከመንገዱ በኋላ ነው። ይህ የኔ የማይታጠፍ ደንብ ነው። ሾፌሩ አይጠጣም፤ አንተም አቀበት ከፊትህ ካለ አትጠጣም። ተመልሰህ፣ እግርህን ታጥበህ፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንድ ብርሌ። የዕለቱን ወሬ እያወራህ። ያ ብርሌ ከሌላው ቀን ብርሌ ሁሉ ይጣፍጣል።

ወደ ጉዞው እንመለስ። መርጡለ ማርያም የሙሉ ቀን ጉዞ ናት፤ ከጉንደ ወይን ወደ ምሥራቅ ትታጠፋለህ። እዚያ የእቴጌ እሌኒን ሥራ ታያለህ። እሌኒን ታውቃቸዋለህ? የሐዲያ ገዢ ልጅ ነበሩ፤ የአፄ ዘርአ ያዕቆብ ባለቤት ሆኑ፤ ከእሳቸው በኋላም ለአሥርት ዓመታት በቤተ መንግሥት ቃላቸው የሚሰማ ታላቅ ሰው ነበሩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልከዋል። መርጡለ ማርያም ላይ ያማረ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የግራኝ ጦር አቃጠለው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደገና ተሠራ፤ እንደገና ፈረሰ። ዛሬ ፍርስራሹ ከአዲሱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሟል። ቅስቱን፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አበባ በቅርብ እይ። እጅህን አታሳርፍበት፤ ዓይንህ ይበቃል። አንድ ጠራቢ ያንን አበባ በመሮ ሲያወጣው ስንት ቀን ፈጀበት? ያ ሰው «ዛሬ ሙድ የለኝም» ብሎ ቢተወው ኖሮ ዛሬ ምን ታይ ነበር?

ወደ ቢቸና ስትወርድ ደግሞ ደብረ ወርቅን እግረ መንገድህን ተሳለም። ከቢቸና ብዙ ሳትርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለልህ፤ አቡነ ተከስተ ብርሃን የመሠረቱት ገዳም። ለዲማ ግን አንድ የቤት ሥራ አለህ። ሳታነብ አትሂድ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብብ። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረዋል። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት በልብ ወለዱ ውስጥ የት ነው? ዲማ! በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር የገባው፣ ጉዱ ካሣ ያን ሁሉ የተናገረው ዲማ ነው። አባትህ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምተውት ይሆናል፤ ጠይቃቸው። አንተ ግን ገጹን ገልጠህ አንብበው፤ በቀን ሃያ ገጽ። ጨርሰህ ሂድ። ያኔ ግቢው ውስጥ ስትገባ አንድ ዛፍ ሥር ትቆምና «እዚህ ይሆን?» ትላለህ። ሳያነቡ የሄዱ ዛፍ ብቻ አይተው ይመለሳሉ።

ከጎጃም ወንድሞቼ ጋር ስለዚህ ሳወራ የምሰማቸው ሦስት ሰበቦች አሉ።

«ብር የለም።» እሺ። ዕቁብ ታውቃለህ? ታውቃለህ እንጂ! እናትህ በዕቁብ አሳድገውሃል። አምስት ሆናችሁ የጉዞ ዕቁብ ጣሉ። በየሳምንቱ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ብቻ። ዕጣ አይውጣ፤ ይጠራቀም። ሁለት ወር ሲሞላ መኪና ኮንትራት ይዛችሁ መርጡለ ማርያም ትደርሳላችሁ። ገንዘቡን የሚይዝ አንድ ሰው ምረጡ፤ ቀልደኛውን ሳይሆን ቁም ነገረኛውን። በዚያ ላይ ገንዘቡን የጣለ ሰው ቅዳሜ ጠዋት አይቀርም!

«ጊዜ የለኝም።» ትናንት ስልክህ ላይ ስንት ሰዓት ቆየህ? ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ ቁጥሩን እይ። እኔ አልፈርድብህም፤ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል።

«ሰው አብሮኝ አይሄድም።» ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ብቻህን ጀምር፤ በቅርቡ ጀምር። ከሞጣ ጊዮርጊስ ጀምር። ሲመለሱ የሚያወሩት ነገር ያለው ሰው ጓደኛ አያጣም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ መሥሪያ ቤቱ የደርሶ መልስ ጉዞ ሲያዘጋጅ ስምህን አስመዝግብ። ሰው ሲጎድልባቸው ኖሯል፤ አንተ ስለማትጠይቅ ነው።

አስተማሪ ከሆንህ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ኃላፊነት አለብህ። ልጆቹ የዓባይን ርዝመት በቃላቸው ያውቃሉ። ስንቶቹ እጃቸውን ውሃው ውስጥ አስገብተዋል? ስለ በላይ ዘለቀ በትምህርት ቤት በዓል ላይ ይሸልላሉ። ስንቶቹ የቢቸናን ተራሮች ቆመው አይተዋል? አንድ ጉዞ፣ ከወላጅ ፈቃድ ጋር፣ በደንብ ታቅዶ፣ በዓመት አንድ ጊዜ። ሌላው ቢቀር ሃያ ተማሪ ወደ ሞጣ ጊዮርጊስ ይዘህ ውጣና ስለ ወለተ እስራኤል ንገራቸው። አንዱ ልጅ ያን ቀን አይረሳውም። ያ አንድ ልጅ ይበቃሃል።

ስትመለስ ደግሞ ጻፍ። ደብተር ግዛ፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ቀኑን፣ የሄድህበትን፣ ያገኘኸውን ሰው፣ የነገሩህን ጻፍ። እኔ ደብተሬ ውስጥ ያን በቅል ጠላ የሰጡንን እናት ጽፌአቸዋለሁ። በሁለተኛው ጉዞ ስናልፍ ስኳርና ቡና ይዘንላቸው ገባን። አወቁን። «ዛሬስ ደረሳችሁ?» አሉ። «ደረስን፣ እማማ» አልን። እንዲያ ያለ ደስታ በሌላ ነገር አላየሁም።

አሁን ስልክህን አስቀምጥ። ወረቀት አውጣ። አራቱን ጻፍ፤ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ብር። ለአንድ ጓደኛህ አሁኑኑ ደውል፤ ነገ አትበል። ሐሙስ ማታ የመንገዱን ሰላም ጠይቅ። ዓርብ ማታ በሶውንና ቆሎውን ቋጥር፤ ውሃውን ሙላ፤ የለመደህን ጫማ በር ላይ አስቀምጥ።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሞጣ መናኸሪያ። አትቅር።